ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሲያትል፣ ዳላስም ሆነ ኦሮራ፣ ሀበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ «ትራክ ልጀምር ነው» የሚል አዲስ መጪ ከተገኘ ምክር ከየአቅጣጫው ይዘንብለታል። ምክሩም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ኮንትራት እንዳትፈርም! ካምፓኒ በነጻ ላስተምርህ ሲል ዓመት ሙሉ ሊጋልብህ ነው። ከዘመድ ተበደር፣ እቁብህን አስቀድመህ ውሰድ፣ ከፍለህ ተማር። ላይሰንሱን በእጅህ ካስገባህ በኋላ ነጻ ሰው ነህ።»

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግማሾቹ ኮንትራት ምን እንደሚያደርግ በራሳቸው ያዩ ናቸው። ምክሩ ግን ከመደጋገሙ ብዛት ማንም የማይመረምረው እውነት ሆኖ ቁጭ ብሏል። እኔ ስህተት ነው እላለሁ። ጥሪት የሌለው፣ አገሩን ገና በመልመድ ላይ ያለ ሰው ለትራክ ትምህርት ከኪሱ፣ ያውም ከብድር፣ መክፈል የለበትም። የትምህርቱን ዋጋ መሸከም ያለበት ተማሪው መንዳት ቢያቅተው አብሮ የሚከስረው ወገን ነው። ያ ወገን ደግሞ የግል ትምህርት ቤቱ አይደለም።

በመጀመሪያ ገንዘቡ የሚገዛውን ነገር እንይ። የግል ትምህርት ቤት እንደ ስቴቱና እንደ ትምህርቱ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 10,000 ዶላር ይጠይቃል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ ክላስ ኤ ሲዲኤል (የከባድ መኪና ላይሰንስ) የሚያወጣ አዲስ ሹፌር ስሙ በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ከሰፈረ አሠልጣኝ ዘንድ መማር ግዴታው ነው። ደንቡ ሲወጣ «አሁን ጥራት መጣ» ያሉ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ደንቡ ተማሪው ስንት ሰዓት መሪ መያዝ እንዳለበት አይናገርም። የንድፈ ሐሳቡን ፈተና ቢያንስ 80 ከመቶ አምጥቶ ማለፍ አለበት፤ መንዳቱን ግን «ችሏል» ብሎ የሚያረጋግጥለት አሠልጣኙ ራሱ ነው። እንደ ዋሽንግተን ያሉ ስቴቶች የራሳቸውን የሰዓት ግዴታ ጨምረውበታል፤ ይህን ያላደረጉትም አሉ። ባላደረጉት ዘንድ ገንዘቡን የተቀበለውም፣ ተማሪው መብቃቱን የሚመሰክረውም አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

«በሁለት ሳምንት ላይሰንስ» የሚለው ማስታወቂያ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። ፐርሚት ከተያዘ በኋላ 14 ቀን ሳይሞላ የመንዳት ፈተና መውሰድ የሚከለክል ሕግ ባይኖር ኖሮ «በአንድ ሳምንት» የሚል እናነብ ነበር። በዲሴምበር 2025 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ወደ 3,000 የሚጠጉ አሠልጣኞችን ከመዝገቡ እንደሚያስወጣ፣ ሌሎች 4,500 የሚሆኑትንም እንዳስጠነቀቀ አስታውቋል። የተነኩት ሁሉ አጭበርባሪዎች ናቸው ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ቀድሞ የከፈለ ተማሪ የትምህርት ቤቱ ስም ከመዝገብ ሲፋቅ ምን ይዞ እንደሚቀር መገመት አያቅትም።

ፈተናው ራሱ ሦስት ክፍል አለው፦ መኪናውን መፈተሽ፣ በተከለለ ቦታ ላይ ወደ ኋላ መንዳትና መንገድ ላይ መውጣት። ከመጀመሪያው ክፍል የአየር ፍሬኑን ብቻ እንውሰድ። ተማሪው ሞተሩን ያጠፋል፣ ቁልፉን መልሶ ይከፍታል፣ ፔዳሉን ረግጦ አንድ ደቂቃ ይይዛል፤ ትሬለር በተቀጠለበት መኪና የአየሩ ግፊት በዚያች ደቂቃ ውስጥ ከ4 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ ፔዳሉን ደጋግሞ እየረገጠ አየሩን ያወርዳል። ግፊቱ ወደ 60 ሲጠጋ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት፤ ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል ደግሞ የፓርኪንግ ፍሬኑ ቁልፎች በራሳቸው መዝለል አለባቸው። ተማሪው ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ለፈታኙ ያሳያል። እንደ ዳዊት በቃል ከተያዘ ይደገማል፤ ፈታኙም ያሳልፋል።

ሽምደዳው የማይሠራበትን ቦታ ደግሞ እንይ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ሹፌሩ 80,000 ፓውንድ ገደማ የሚመዝን መኪና ይዞ ትራክ ስቶፕ ገብቷል። ሕጉ የሚፈቅድለት የ14 ሰዓት የሥራ ቀን ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ የሥራ ሰዓቱን የሚመዘግበው ታብሌት ወደ ታች እየቆጠረ ነው። የቀረችው ክፍት ቦታ በሁለት ትራኮች መሐል ናት። ባለ 53 ጫማው ትሬለር ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው ወደ ቀኝ መዞር አለበት፤ ከዚያ ትሬለሩ እንዳይታጠፍ መሪውን በጊዜው መልሶ መከተል ያስፈልጋል። በቀኝ በኩል ያለው መስተዋት የትሬለሩን የኋላ ጫፍ አያሳይም። ሌሎቹ ሹፌሮች ጋቢናቸው ውስጥ ሆነው ያያሉ። ወርዶ ማየት እንዳለበት ያውቃል፤ እንዳይወርድ ያፍራል። ብዙ የትራክ ስቶፕ ግጭት በዚህች ቅጽበት የሚፈጠር ነው። ይህን በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ አንድ ትራክ ለብዙ ተማሪ ተራ በሚደርስበት ግቢ የተማረ ሰው የለም። የሚማረው ልምድ ካለው ሰው ጎን ተቀምጦ፣ ሌሊቱን ደጋግሞ በመሞከር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ይህን ለማወቅ አሜሪካ መምጣት አያስፈልገንም ነበር። በአገራችን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሹፌር ከየት መጣ? አብዛኛው ከረዳትነት ነው። ጎማ እያጠበ፣ ታኮ እያስገባ፣ ጭነት እየሸፈነ፣ አዋሽና ሚሌ ላይ እያደረ፣ ሹፌሩ ሲደክመው ባዶ ሜዳ ላይ መሪ እየያዘ ነው ሙያውን የቀሰመው። የትምህርት ክፍያውን በጉልበቱ ከፈለ። ያስተማረውም ሹፌር መኪናው ቢገለበጥ አብሮ የሚሞት ስለነበር በደንብ አስተማረው። የረዳትነት ኑሮ ምቹ ነበር አልልም፤ ብዙ ግፍ ነበረበት። መሠረቱ ግን ትክክል ነበር፦ አስተማሪና ተማሪ አንድ መኪና ውስጥ ነበሩ።

የክርክሬ እምብርት ይኸው ነው፦ ማን ይከስራል? የግል ትምህርት ቤቱ ክፍያውን የሚቀበለው ገና ተማሪው ሲመዘገብ ነው፤ ከምረቃ በኋላ ተማሪው ድልድይ ቢመታ፣ ሥራ ቢያጣ፣ በሁለተኛ ወሩ ቢባረር የሚጎድልበት ሳንቲም የለም። የሚያስተምር ካምፓኒ ግን የራሱን ትራክ፣ የደንበኛውን ጭነትና የራሱን ኢንሹራንስ ለዚያው ተማሪ ያስረክባል። የፌዴራሉ ሕግ ተራ ጭነት በክፍያ ከስቴት ስቴት የሚያመላልስ ካምፓኒ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ ጭነት የሚያገናኙ ደላሎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ይጠይቃሉ። ካምፓኒው ሹፌሩን የሚያበቃው ስለሚወደው አይደለም፤ ባያበቃው ራሱ ስለሚጎዳ ነው። እኔ ከደግነት ይልቅ በዚህ ጥቅም ላይ እተማመናለሁ።

አሁን ደግሞ «ነጻ ሰው ነህ» ወደሚለው እንምጣ። ከፍሎ የተማረው ሰው ላይሰንሱን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ትንንሽ ካምፓኒዎች ዘንድ ቢሄድ «ልምድህ ስንት ዓመት ነው?» ይሉታል። ጠያቂው ባለቤቱ ሳይሆን ኢንሹራንሱ ነው፤ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ልምድ የሌለውን ሹፌር ብዙ ኢንሹራንሶች አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም በእሳት ዋጋ ነው። ስለዚህ አብዛኛው አዲስ ተመራቂ የሚያንኳኳው በር ያንኑ «አትፈርምለት» የተባለውን ትልቅ ካምፓኒ በር ነው። ካምፓኒውም ላይሰንስ ስላለው ብቻ ትራክ ሰጥቶ አይሸኘውም። ከአሠልጣኝ ሹፌር ጋር ለሳምንታት በአንድ ጋቢና ያስቀምጠዋል። ያው አሠልጣኝ፣ ያው አልጋ፣ ያው የተማሪ ደመወዝ። ልዩነቱ አንዱ ዕዳ ይዞ ገባ፣ ሌላው ሳይዝ ገባ።

«ካምፓኒው እኮ የከፈልኩትን ይመልስልኛል» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ብዙ ካምፓኒዎች ከፍሎ ለተማረ አዲስ ሹፌር የትምህርት ክፍያውን በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሳሉ። ልብ በሉ ግን፦ ሹፌሩ ከለቀቀ የቀረው ይቋረጣል። ይህ ያው ኮንትራት ነው፣ ተገልብጦ የመጣ። አንዱ ጋ ካምፓኒው አስቀድሞ አውጥቶ በአገልግሎታችሁ ይቀበላችኋል፤ እዚህ ጋ እናንተ አስቀድማችሁ አውጥታችሁ በአገልግሎታችሁ ታስመልሳላችሁ። በመጀመሪያው ገንዘቡን አደጋ ላይ ያዋለው ካምፓኒው ነው፤ በሁለተኛው እናንተ፣ ይበልጡንም ያበደራችሁ ዘመድ ነው።

ከትልቁ ካምፓኒ የሸሸው ደግሞ የሚያገኘው በር አለ። «ልምድ አንጠይቅም፣ ነገ ጀምር» የሚል፤ ደመወዝ በ1099፣ ግብር የማይቆረጥበት፣ አሠልጣኝ የሌለበት፣ አንዳንዴም «ትራኩን በሊዝ ውሰድና የራስህ ጌታ ሁን» የሚል። ባለቤቱ የአገር ልጅ ከሆነ ደግሞ ልብ ይሞቃል፤ ቋንቋ አለ፣ ይሉኝታም አለ። ይሉኝታው ግን ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ጥገናው ከማን ሂሳብ እንደሚቆረጥ፣ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚከፍል፣ ሳምንቱን ጭነት ከጠፋ ማን እንደሚያበላው የሚናገር ውል የለም። በማይል 55 ሳንቲም ጥሩ ይመስላል፤ የቅጥር ግብሩን ሁለቱንም ግማሽ ሹፌሩ ራሱ ሲከፍለው፣ ተጎድቶ ሲተኛ ካሣ ሲያጣ ነው ሂሳቡ የሚገለጠው። ኮንትራት ፈርቶ የሸሸ ሰው ከኮንትራት የባሰ ነገር ውስጥ ገባ፤ ያውም ያለ አስተማሪ።

ተቃዋሚዎቼ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ልደብቀው አልፈልግም። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዮዋ የሆነው ሲአርኤስቲ ያሠለጠነው ሹፌር አሥር ወር ሳይሞላ ከለቀቀ 6,500 ዶላር ይጠይቅ እንደነበር በማሳቹሴትስ በቀረበ የጋራ ክስ ተነግሯል። በዚያው ክስ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2023፣ ትራኩ እየሄደ ተራው ያልሆነው ሹፌር አልጋ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ በቀን ከስምንት ሰዓት ካለፈ ትርፉ የሥራ ሰዓት ነው፣ ይከፈልበታል ብሎ ወስኗል። የአርካንሳሱ ፓም ትራንስፖርት ባልተከፈለ የሥልጠናና የሥራ ሰዓት ተከስሶ በ2020 በ16.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ኒው ፕራይም (ፕራይም) በተባለው ካምፓኒ ላይ የቀረበው ክስ ከሁሉም ይከፋል፦ ከሳሹ ተለማማጅ ሳለ 10,000 ማይል ያለ ክፍያ፣ ሠልጣኝ ሆኖ ደግሞ 30,000 ማይል በሰዓት አራት ዶላር ገደማ በሆነ ሒሳብ እንደነዳ በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል። ትልልቆቹ የረጅም ርቀት ካምፓኒዎች በብዙ ዓመታት 90 በመቶ አካባቢ የሚደርስ የሹፌር መፈራረቅ የሚያስመዘግቡትም ሥራው ገነት ስለሆነ አይደለም።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ማስረጃው የሚመሰክረው ምንድን ነው? ሹፌሮቹን የጎዳቸው ሦስት ነገር ነው፦ ያልተከፈለ ሰዓት፣ በአገልግሎት የማይቀንስ ዕዳ፣ እና ሠራተኛን «የራሱ ጌታ ነው» ብሎ መፈረጅ። ያልተከፈለው ሰዓት ከፍሎ ተምሮ የገባውንም የሚያገኘው ነው፤ አሠልጣኙ ተኝቶ ተማሪው ሌሊት የሚነዳበት ጋቢና «የትምህርት ክፍያህን ራስህ ከፍለሃል?» ብሎ አይለይም። ሦስተኛው ደግሞ የሚብሰው ከኮንትራት በሸሹት ላይ ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ የፕራይሙ ከሳሽ ከሥልጠናው በኋላ ትራክ በሊዝ ወስዶ ኮንትራክተር እንዲሆን ተገፋፍቶ ነበር። ሙግቱ በ2015 ተከፍቶ እስከ ጃኑዋሪ 2019 ድረስ፣ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው «ነገሩ ፍርድ ቤት ይታይ ወይስ በግል ዳኛ?» በሚለው ላይ ብቻ ነው። ስቲቭ ቪሴሊ የተባለ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ ራሱ ሲዲኤል አውጥቶ ረጅም ርቀት ነድቶ በ2016 ባሳተመው «ዘ ቢግ ሪግ» በተሰኘ መጽሐፉ ዋናውን ጣቱን የቀሰረው በዚሁ የሊዝና የኮንትራክተርነት አሠራር ላይ ነው። ትልቅ ካምፓኒን መክሰስ ይቻላል፤ ሰነድ አለው፣ ንብረት አለው፣ በሺህ የሚቆጠር ከሳሽ በአንድ መዝገብ ይሰበሰብበታል። ሦስት ትራክ ያለውንና ነገ ስሙን ቀይሮ የሚከፍተውን ማን ይከሳል?

የቀረው ሁለተኛው፣ የዕዳው ነገር ነው። «ባርነት» የሚለው ቃል የሚወረወረውም እዚህ ላይ ነው። ስድብ ነው እንጂ ክርክር አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ካምፓኒ ሹፌርን አስሮ ማሠራት አይችልም፤ ውሉን ላፈረሰ ሰው የሚከተለው የገንዘብ ዕዳ ነው። ሲአርኤስቲ ውላቸውን ሳይጨርሱ ስዊፍት ወደተባለው ሌላ ትልቅ ካምፓኒ የሄዱ ሹፌሮችን «ነጠቀኝ» ብሎ ስዊፍትን ሲከስ የአዮዋ ጁሪ በ2019 የ15.5 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ሰጥቶት ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው በ2021 ሻረው። የተከሰሰው ስዊፍት እንጂ ሹፌሮቹ አልነበሩም። ስለዚህ ከዕዳ ጋር ዕዳ እናወዳድር። የካምፓኒው ዕዳ ጥሩ ውል ከሆነ በየወሩ በሥራ ብቻ ይቀልጣል። የዘመድ ዕዳ ግን በሥራ አይቀልጥም፤ ከደመወዝ ተቆርጦ ይከፈላል፣ እስኪከፈልም ሠርግና ልደት ላይ ዓይን ለዓይን መተያየት ያሳፍራል። እቁብን አስቀድሞ ተቀብሎ መክፈል ያቃተው ሰው የሚያጣው ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ስለ ገንዘቡም እናስላ። 6,000 ዶላር ተበድሮ አምስት ሳምንት ያለ ደመወዝ የተማረ ሰው፣ ኪራይና ቀለብ ሲጨመርበት ሥራ የሚጀምረው 8,000 ዶላር ዕዳ ላይ ሆኖ ነው እንበል። «ግን ኮንትራት የፈረመው በማይል ያነሰ ይከፈለዋል» ይባላል። ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ የሚወዳደረው ግን ከማን ጋር ነው? ብዙ ጊዜ ሰዎች ኮንትራተኛውን ሁለት ዓመት ከነዳ ጓደኛቸው ጋር ያወዳድሩታል። መወዳደር ያለበት በዚያው ካምፓኒ በዚያው ሳምንት ከፍሎ ተምሮ ከገባ አዲስ ሹፌር ጋር ነው። ልዩነቱ በማይል ሦስት ሳንቲም ከሆነ በ100,000 ማይል 3,000 ዶላር ነው፤ ኮንትራቱ ያዋጣል። አሥር ሳንቲም ከሆነ 10,000 ዶላር ነው፤ ያን ጊዜ እንዳትፈርሙ፣ ሌላ ካምፓኒ ፈልጉ። ቀጣሪውን ይህን ጥያቄ ቀጥታ ጠይቁት፤ መልሱን የሚሸፋፍን ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል፤ ከ2025 ወዲህ ቀልድ አይደለምና። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ የሚያናግረውን ሹፌር በእንግሊዝኛ መልስ መስጠት ወይም የመንገድ ምልክት መረዳት አልቻለም ብሎ ከፈረደ እዚያው ከመሪው ያወርደዋል። በአማርኛ ተብራርቶለት፣ የፍተሻውን እንግሊዝኛ ብቻ ሸምድዶ ያለፈ ተማሪ ለፈታኙ ተዘጋጅቷል እንጂ ለተቆጣጣሪው አልተዘጋጀም። ስድስት ሳምንት ከቴክሳስ ወይም ከሚዙሪ ሰው ጋር በአንድ ጋቢና ማሳለፍ፣ ከዲስፓቸር ጋር በስልክ መጨቃጨቅ፣ መጋዘን በር ላይ ወረቀት መቀበል፣ ይህ ሁሉ ደመወዝ ያለው የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ነው። ያ ትምህርት የትኛውም የሁለት ሳምንት ግቢ ውስጥ አይሸጥም።

የሥራ ፈቃድ ብቻ ይዘው ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። መንግሥት በሴፕቴምበር 2025 ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች የሚሰጠውን ሲዲኤል በእጅጉ የሚያጠብ ደንብ አውጥቷል፤ በፍርድ ቤትም ሲያከራክር ነው የቆየው። በእንዲህ ያለ ጊዜ 6,000 ዶላር አስቀድሞ ከፍሎ «ለአንተ ላይሰንስ መስጠት አንችልም» መባል ምን ማለት ነው? ከመመዝገባችሁ በፊት የስቴቱን ላይሰንስ ቢሮ ጠይቁ።

ከፍሎ መማር የሚሻለው ሰው የለም ማለቴ አይደለም። የተቀመጠ ገንዘብ ያለው፣ በሰፈሩ በየቀኑ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ሥራ በጽሑፍ የተዘጋጀለት፣ ሕፃናት ጥሎ ለሳምንታት መሄድ የማይችል ሰው ከፍሎ ቢማር አግባብ ነው። ሴቶችም የተለየ ጥያቄ አላቸው። ከማያውቁት ወንድ ጋር በአንድ ጋቢና ማደር ቀላል ነገር አይደለም፤ ፕራይም ሴቶችን በሴት አሠልጣኝ ብቻ ለማሠልጠን ያወጣው አሠራር ሴቶቹን ረጅም ወረፋ ላይ አስቀምጦ ስለነበር በ2014 በፌዴራል ፍርድ ቤት አድልዎ ነው ተብሏል። እህቶቻችን ከመፈረማቸው በፊት የአሠልጣኙን ነገር በግልጽ መጠየቅና በየዕለቱ ወደ ቤት የሚመልስ ሥልጠና ያለበትን መምረጥ መብታቸው ነው።

በግል ትምህርት ቤትም ቢሆን ለመማር ከኪስ ማውጣት የግድ አይደለም። በ2014 የወጣው ዊዮዋ የሚባለው ሕግ በየአካባቢው ባሉ የሥራ ማዕከላት በኩል ሥራ ፈላጊዎችን ያስተምራል፤ በብዙ ቦታ የተፈቀዱት ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ውስጥ የትራክ ትምህርት አለ። ለዜጋ ብቻ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ያመለክታል። ወረፋ አለው፣ ወረቀቱ ይበዛል፣ በጀቱም ያልቃል። ያም ሆኖ ለወር መመላለስ ለዓመት ዕዳ ከመክፈል ይሻላል። መንግሥት ሊከፍል የሚችለውን፣ ካምፓኒ ሊከፍል የሚፈልገውን ከዘመድ ተበድሮ መክፈል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ኮንትራቱን ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትፈርሙ። ሙሉ ወረቀቱ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት እጃችሁ ይግባ፤ «እዚህ ስትመጣ ትፈርማለህ» የሚል ካምፓኒ ጋ አትሂዱ። ዕዳው በየወሩ የሚቀንስ ይሁን፤ በአሥራ አንደኛው ወር ብትለቁ ሙሉውን የሚያስከፍል ከሆነ ተዉት። ካምፓኒው ራሱ ቢያባርራችሁ፣ ብትታመሙ፣ የጤና ካርዳችሁ ባይታደስ፣ የሥራ ፈቃዳችሁ ቢያልቅ ትከፍሉ እንደሆነ ቃል በቃል ፈልጉ። ወለድ አለው? ከመጨረሻው ደመወዝ ይቆርጣል? ሥልጠናው ላይ በቀን ስንት ይከፈላል? የቅጥሩ ዓይነት ደብልዩ-ቱ (ተቀጣሪ) ነው ወይስ 1099 (ኮንትራክተር)? መልሱ 1099 ከሆነ፣ ወይም «ከሥልጠና በኋላ ሊዝ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ ወረቀቱን እዚያው መልሱ። ካሊፎርኒያ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች ላይ «ከለቀቅህ ክፈል» የሚሉትን፣ ከተወሰኑ በስተቀር፣ ከልክላለች፤ የምትኖሩበት ስቴት ምን እንደሚል ጠይቁ። ወረቀቱ ያልገባውን ሰው ወረቀቱን ከሚረዳ ሰው ጋር ማገናኘት ከማኅበረሰባችን የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ «አትፈርም» ብሎ ከማስፈራራት ይልቅ ማንበብ ይረዳል።

በመጨረሻም ለምትመክሩና ለምታበድሩ ዘመዶች። አዲስ የመጣ ወንድማችሁ ትራክ ሊጀምር ነው ብሎ ብድር ሲጠይቃችሁ አትንፈጉት፤ ግን ለትምህርት ቤት አትስጡት። የሚማርበትን የሚከፍል ሞልቷል። እሱ መንገድ ላይ ሆኖ በተማሪ ደመወዝ ሲውል ሲያድር የማይከፈለው የቤት ኪራዩ ነው፤ ገንዘባችሁን ለኪራዩ አበድሩት።